ጃፓን ሄጄ ድሪቶ መስፋት ተማርኩ

«ጃፓን ድረስ ሄደሽ ድሪቶ ልትሰፊ?» አለችኝ እናቴ በስልክ። የላክኩላትን ፎቶግራፍ ገና ማየቷ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ እራፊ በእራፊ ላይ ደራርቤ፣ በነጭ ክር ከዳር እስከ ዳር ጠቅጥቄ የሰፋሁትን ሰማያዊ ጨርቅ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጌ ይዤ እስቃለሁ። እናቴ በልጅነቷ ድሪቶ ለብሳ አድጋለች። ለእርሷ ድሪቶ እፎይ ብላ የተገላገለችው ነገር እንጂ ውበት የሚፈለግበት አይደለም። ስለዚህ ያን ዕለት ክርክር አላነሳሁም፤ ስለ ጤንነቷ ጠይቄያት ስልኩን ዘጋሁ።

ይህን የምጽፈው ስለዚያው ድሪቶ ነው። ለምትጠልፉ፣ ልብስ ለምትነድፉ፣ ወይም እንደ እኔ ሥራው በእጃችሁ እያለ ሐሳቡ ለነጠፈባችሁ ይጠቅም ይሆናል።

ጥልፍ የጀመርኩት በ17 ዓመቴ ነው። ጃፓን ስሄድ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሐበሻ ቀሚስ ጠልፌ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ታዲያ ንድፉ የእኔ አልነበረም። ደንበኛዬ የሌላ ሴት ቀሚስ ፎቶግራፍ በስልኳ ይዛ ትመጣና «ይህንኑ፣ ቀለሙን ብቻ ቀይሪልኝ» ትለኛለች፤ እቀይርላታለሁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ያ የእኔ ቀሚስ በሌላ ሰፊ ደጃፍ፣ በሌላ ደንበኛ ስልክ ውስጥ ይታያል። ሁላችንም አንድ ቀሚስ እየተቀባበልን እንጠልፍ ነበር ማለት ይቻላል።

ባለቤቴ የትምህርት ዕድል ሲያገኝ እ.ኤ.አ. በ2016 አብሬው ቶኪዮ ገባሁ፤ እስከ 2018 መጨረሻም ቆየን። የተከራየነው ቤት በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በካትሱሺካ ክፍለ ከተማ ስለነበር እንጀራም ወሬም አልቸገረንም። የቸገረኝ ሥራ መፍታት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ደብተር መግዛቴ ነበር። ያየሁትን ሁሉ ገለበጥኩበት፤ የቼሪ አበባ፣ የባሕር ማዕበል፣ የኤሊ ጀርባ፣ የተጠላለፉ ክበቦች። በሦስት ወር ሁለት ደብተር ሞላ። ከዚያም ከአገር ቤት ባመጣሁት ነጭ ሸማ ላይ ማዕበሉን ከወገብ እስከ እግር አወረድኩት፤ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ራቅ ብዬ አየሁት። ባንክ ለአዲስ ዓመት በነጻ የሚያድለውን የቀን መቁጠሪያ ይመስላል። ስፌቱ እንከን የለበትም፤ ነገር ግን ማዕበሉ እዚያ ቀሚስ ላይ ምን ሊሠራ እንደመጣ ቀሚሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ያን ቀሚስ እስከ ዛሬ አልሸጥኩትም፤ ሳጥን ውስጥ አለ።

በሠፈራችን የሕዝብ አዳራሽ ማክሰኞ ማክሰኞ ሳሺኮ የሚያስተምሩ አንዲት አረጋዊት ነበሩ። ሁሉም «ሴንሴይ» ይሏቸዋል፤ መምህር ማለት ነው። ሳሺኮ የሚለው ቃል ራሱ «በትንንሹ መውጋት» እንደማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር ወጋ ወጋ ማድረግ። ብዙ ጊዜ በጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ በነጭ የጥጥ ክር ይሠራል። አመጣጡ ጨርቅ ለማጠንከርና ሁለትና ሦስት ንጣፍ አጣብቆ ሙቀት ለመያዝ ነው፤ ጌጡ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልምዴን ላሳያቸው ብዬ አንድ የአንገት ጥልፍ ይዤ ሄድኩ። ሴንሴይ ፊቱን ሳያዩ ገልብጠው ጀርባውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ፈጣን እጅ ነው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ምስጋና አለመሆኑ የገባኝ በሁለተኛው ወር ነው።

አራት ሳምንት ቀጥ ያለ መሥመር ብቻ ሰፋሁ። አሥራ አንድ ዓመት የጠለፈች ሴት! ግን እጄ የለመደው ሌላ ነበር። እኔ የምወጋው መርፌውን እያስገባሁና እያወጣሁ ነው። በሳሺኮ መርፌው ረዘም ያለ ሆኖ ከሞላ ጎደል ባለበት ይቆማል፤ ጨርቁ ነው ከፍ ዝቅ እያለ የሚመጣለት። ዐይኑ ያለበትን ጫፍ የሚገፋው በመካከለኛው ጣት ሥር የሚጠለቅ ትንሽ የብረት ወይም የቆዳ መከታ ነው። ጨርቁ መርፌው ላይ ተሸብሽቦ ይሰበሰብና ክሩ በአንድ ጊዜ ይሳባል። ከዚያ የተሰፋውን በሁለት ጣት ይዞ እየዳበሱ መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ይህን «ኢቶኮኪ» ይሉታል። ይህን የዘለለች ሴት ሥራዋ በመጀመሪያው እጥበት ተጨማዶ ያገኛታል። እኔ አንድ የትራስ ልብስ ከስሬበታለሁ።

ሌሎቹን ደንቦች ለመጀመር ለምትፈልጉ ልንገራችሁ። ጨርቁን አስቀድማችሁ እጠቡት። በፊት በኩል የሚታየው ስፌት የሩዝ ፍሬ ያህል ይሁን፤ በጀርባ የሚቀረው ከዚያ ያነሰ፣ ሦስት ለሁለት ገደማ። መሥመሮች በሚገናኙበት መካከል ክር በክር ላይ አይውጣ፤ ትንሽ ባዶ ቦታ ይቅር። ማዕዘን ላይ ስትዞሩ በጀርባ በኩል ክሩን ጥቂት ላላ አድርጉት፤ አለበለዚያ ይጎትታል። ንድፉን ለመሳል ከጃፓን የሚመጣ እርሳስ አያስፈልጋችሁም፤ ልብስ ሰፊዎቻችን የሚጠቀሙባት ያለቀች ሳሙና ትበቃለች። ክሩ ለስላሳና ብዙም ያልተከረረ የጥጥ ክር ይሁን። በሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር ሞክሬው ነበር፤ የሱቅ መጋረጃ ነው የሆነው።

አንድ ማክሰኞ አሳኖሃ የሚባለውን ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ መሰል ንድፍ ስንሰፋ፣ ሴንሴይ ይህ ሄምፕ የሚባለው የቃጫ ተክል ቅጠል መሆኑን ነገሩን። ሄምፕ ቶሎና ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ስለዚህ በሕፃናት ልብስ ላይ ይደረጋል፤ ልጁ እንደዚያው ይደግ ሲሉ። ይህን ሰምቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ሁለቱን ደብተሮቼን አሰብኳቸው። አሳኖሃ በአሥራ ሁለት ገጽ ላይ አለ። አንድም ቦታ ለምን ብዬ አልጻፍኩም።

ለምን ማለት ስጀምር መንገዱ ወደ ሰሜን ወሰደኝ። ሂሮሳኪ በዋናው ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአዎሞሪ ያለች በረዶ የሚጫናት ከተማ ናት። ጥጥ አይበቅልባትም። አካባቢውን ይገዛ የነበረው የትሱጋሩ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1724 ገበሬው የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ ከልክሏል። ለገበሬው የቀረለት ከተክል ቃጫ የተሠራ ሳሳ ያለ ሸካራ ጨርቅ ነው፤ ነፋሱ በድርና ማጉ መካከል ሰተት ብሎ ይገባል። ሴቶቹ ታዲያ ቀዳዳውን በክር ደፈኑት፤ በኋላ የጥጥ ክር ሲያገኙም በጥጥ። ድሩን እየቆጠሩ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እያሉ መርፌውን አሳለፉ። ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ነው። ከዚያ ጎዶሎ ቁጥር ቀጥ ብሎ የቆመ የአልማዝ ቅርጽ ይወጣል፤ ኮጊን ይባላል። ጎረቤታቸው የናንቡ ሴቶች በጥንድ ቁጥር ስለሚቆጥሩ የእነርሱ አልማዝ ወደ ጎን የተለጠጠ ነው። አንድ ክር መጨመርና መቀነስ የሁለት አገር መለያ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1891 ባቡር ከቶኪዮ አዎሞሪ ደረሰ፤ የጥጥ ጨርቅ በቀላሉ ገባ፤ ኮጊንም ተረሳ። ቀዳዳ ያለው ጨርቅ ከሌለ የሚደፍነው ማን ነው? በ1930ዎቹ ያናጊ ሶኤትሱ የሚባሉት የሕዝብ እደ ጥበብ ተሟጋች ስለ ውበቱ ጻፉ፤ ቀስ በቀስ እንደገና የሚሰፋው ተገኘ። ዛሬ በሂሮሳኪ የኮጊን ተቋም የሚገኝበት ነጭ ሕንፃ በ1932 የተሠራ የአርክቴክት ማዬካዋ ኩኒዮ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ስለ ሕንፃው ብዙ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ዐይኔ ከጨርቁ አልተነሣም።

እዚያ የገባኝ ነገር ከሁለት ዓመት ቆይታዬ ሁሉ ይበልጥብኛል። ኮጊን የሚሰፋው በልብሱ የላይኛው ክፍል ላይ ነው፤ ደረት፣ ጀርባና ትከሻ። በትሱጋሩ ምዕራባዊ ክፍል ባሉት መንደሮች ደግሞ ትከሻው ላይ ይበልጥ ይጠቀጠቃል፤ ሸክም የሚያርፈው እዚያ ነውና። ጌጡ የተቀመጠው ልብሱ በሚያልቅበት ቦታ ነው። የእኛን አስቡት። ጥጥ ሞልቶን ስለኖረ ጥለቱ ዳር ላይ ተቀመጠ፤ ሸማው ራሱ ይሞቃልና ጌጡ ሥራ የለበትም፤ መታየት ብቻ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሌላ ታሪክ ነው። እኔ ግን በሆቴሌ ክፍል ተቀምጬ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፤ «ቀሚስ ቀድሞ የሚያልቀው የት ነው?» ክርን። ብብት። ከኋላ ተረከዝ የሚረግጠው ጫፍ። በማግሥቱ በባቡር ስመለስ ጥልፉ ክርኑና የኋላው ጫፍ ላይ ብቻ ያለበት ቀሚስ ነደፍኩ። ከስንት ዓመት በኋላ የራሴ የምለው የመጀመሪያ ንድፍ ነው፤ በላዩ ላይ አንድም የጃፓን ቅርጽ የለበትም።

ድሪቶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአሳኩሳ፣ ከትልቁ የሴንሶጂ ቤተ መቅደስ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፍቶ በ2019 የተዘጋ አሚዩዝ የተባለ ሙዚየም ነበር። ታናካ ቹዛቡሮ የተባሉት የባህል አጥኚ ከአዎሞሪ ገበሬዎች የሰበሰቧቸው የተጣጣፉ ልብሶች ይታዩበት ነበር፤ «ቦሮ» ይባላሉ። ቡቱቶ ማለት ነው፤ ስሙን አላሳመሩለትም። አያት የጀመረችውን ልጅ ጨምራበት፣ የልጅ ልጅ ደግሞ ሌላ እራፊ ደርባበት፣ መጀመሪያ የነበረው ጨርቅ የትኛው እንደሆነ የማይለይ ልብስ ነው። በሙዚየሙ ብዙዎቹን በእጅ መንካት ይፈቀድ ነበር። ነካሁት። ክብደቱ ደነቀኝ፤ ከዚያም ሽታ ሳይኖረው እንኳ የልጅነት ቤታችን ትዝ አለኝ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ያን ልብስ የሰፉት ሴቶች ጌጥ እየሠሩ አልነበረም፤ በርዷቸው ነበር። ዛሬ ሆን ብሎ አዲስ ጨርቅ ቀዶ፣ ጣጥፎ፣ በውድ ዋጋ የሚሸጥ አለ። እኔ ይህ አይጥመኝም። እናቴ ብታየው ደግሞ የምትለውን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ የምጥፈው በእርግጥ የተቀደደውን ብቻ ነው። ለእናቴ ፎቶግራፉን የላክኩላት ሥራም ከባለቤቴ ሁለት ያለቁ ሱሪዎችና ከእኔ ከአንድ ሸሚዝ የተሠራ ነበር።

ከኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868) የእሳት አደጋ ተከላካዮች ካፖርት ደግሞ ሌላ ሐሳብ ወሰድኩ። ብዙ ንጣፍ ጥጥ በሳሺኮ ተጠቅጥቆ፣ በውኃ ተነክሮ፣ እሳት ፊት ይለበሳል። ከውጭ ሲታይ ዝም ያለ ልብስ ነው፤ በውስጥ ገበሩ ላይ ግን ዘንዶና ጀግና ተስሎበታል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ገልብጠው ለብሰው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። አገሬ ስመለስ ለአንዲት ደንበኛ ጥልፉን በካባዋ ገበር ላይ አደረግኩላት። ሥራውን ወደደችው፤ ከዚያ «የማይታይ ስለሆነ ዋጋው ይቀንስልኝ» አለችኝ። ሐሳቡን ለመሸጥ ካሰባችሁ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስለ ማቅለሙ ብዙ አልልም። ናጎያ አጠገብ ባለችው አሪማትሱ ከ400 ዓመት በፊት ጀምሮ ጨርቅ በክር እየቋጠሩ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ የሚነክሩበት ጥበብ አለ፤ ሺቦሪ ይባላል። ሞከርኩት፤ ለእኔ አልተፈጠረም፤ ትዕግሥቴ ቋጠሮ ላይ ያልቃል። ከዚያ የተረፈኝ አንድ ምክር ነው፤ በኢንዲጎ፣ በዚያው ሰማያዊ ቀለም፣ የተነከረ አዲስ ጨርቅ የእጥበቱ ውኃ እስኪጠራ ለብቻው ደጋግማችሁ ሳታጥቡ ከነጭ ሸማ ጋር አትስፉት። እኔ ሰፋሁ። ደንበኛዬ አጥባው ነጭ ነጠላዋ የደመና ቀለም ይዞ ተመለሰ፤ ሌላ ሠርቼ ከፈልኩ።

ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2017፣ በእኛ የካቲት 1፣ ሴንሴይ ወደ ሴንሶጂ ወሰዱን። የመርፌ መታሰቢያ ቀን ነው፤ ሐሪኩዮ ይሉታል። በኪዮቶ በኩል ዲሴምበር 8 ይደረጋል። ዓመቱን ሙሉ ሲሠሩ የታጠፉና የተሰበሩ መርፌዎች ተሰብስበው ይመጡና ትልቅ ቶፉ ላይ ይሰካሉ። ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ እንደ አይብ የለሰለሰ ምግብ ነው። ጠንካራውን ሲወጋ ለኖረ መርፌ የመጨረሻ ማረፊያው ለስላሳ ይሁንለት ማለት ነው። ኪሞኖ የለበሱ ሴቶች፣ የልብስ ስፌት ተማሪዎች፣ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ በሰልፍ ቆመው ነበር። እኔ በሃይማኖቴ ኦርቶዶክስ ነኝና አልሰካሁም፤ ዳር ቆሜ አየሁ። ሴንሴይም ለምን አላሉኝም።

ግን በዚያ ቀን መርፌ ይዞ መሥራት እንደማይገባ ሲነግሩን ሳቅ አመለጠኝ። እናቴ በወሩ በ21፣ በማርያም ቀን፣ መርፌ አትነካም፤ ልጅ ሳለሁ ቁልፌ እንኳ ቢበጠስ «ነገ ይደርሳል» ትለኝ ነበር። ሥራ የማይሠራበትን ቀን እንደ ኪሳራ ስቆጥር ኖሬያለሁ። አሁን የተሰበሩ መርፌዎቼን በአንድ ጠርሙስ አጠራቅማለሁ፤ የካቲት 1 ቀን አፍስሼ እቆጥራቸዋለሁ። አምና 43 ነበሩ። አብዛኞቹ የተሰበሩት በአንድ ዓይነት ወፍራም ጨርቅ ላይ እንደሆነ ከማስታወሻዬ አገኘሁና ያን ጨርቅ ተውኩት።

ለእናቶች የሚሆን ሌላ ልማድ አለ። ኪሞኖ የሚሰፋው ወደ 36 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ካለው ጠባብ ጨርቅ ነው፤ ስለዚህ የአዋቂው ልብስ ጀርባው መካከል ላይ መጋጠሚያ ስፌት አለው። የሕፃን ልብስ ግን ከአንድ ስፋት ስለሚወጣ ጀርባው ላይ ስፌት የለም። ድሮ ስፌቱ ክፉ ነገር ከኋላ እንዳይመጣ የሚጠብቅ ዐይን ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ እናቶች በሕፃኑ ጀርባ ላይ ከአንገቱ ሥር ትንሽ ስፌት ይሰፉለታል፤ ሰማሞሪ ይባላል፤ የጀርባ ጠባቂ። አንዳንዱ ላይ የክሩ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ልጁ ምድጃ ውስጥ ቢወድቅ አምላክ በዚያ ክር ስቦ እንዲያወጣው ነው ይላሉ። ይህን ሳነብ ያሰብኩት በልጅ አንገት ላይ የምናስረውን ማተብ ነው። ዛሬ የክርስትና ልብስ ሲያሠሩኝ በፊት በኩል ከሚጠየቀው መስቀል ሌላ፣ በጀርባው ላይ እናትየዋ ራሷ አንድ መሥመር እንድትሰፋ መርፌውን እሰጣታለሁ። ጠማማ ይሆናል። አላስተካክለውም።

አገር ቤት ከተመለስኩ በኋላ የሆነውን ባልናገር ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ኮጊን በእጅ ፈትል ላይ ልሞክር ብዬ እናቴ ቤት ተቀምጬ ድር እየቆጠርኩ ነበር። እናቴ ከጎኔ ሞሰብ ትሰፋለች። ቋንቋችን ልብሱንም ሞሰቡንም «ስፌት» እንደሚላቸው እንኳ ያን ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም። ስንደዶውን ጠምጥማ፣ በወስፌ በስታ፣ ቀይ አለላውን ታስገባለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትቆጥራለች። በወረቀት የተሳለ ነገር የለም፤ ንድፉ ያለው ቁጥሩ ውስጥ ነው። የትሱጋሩ ሴቶችም ለትንንሾቹ ቅርጾቻቸው ያወጡት ስም በዙሪያቸው ከነበረው ነው፤ ባቄላ፣ የድመት ዐይን፣ ቢራቢሮ። እናቴን «ይህቺ ምን ትባላለች?» ብዬ ጠየቅኳት። «ምን ትባላለች ትዪኛለሽ፣ እንዲሁ ነዋ» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን የሦስቱን ስም ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ በየጉብኝቴ አንድ ሁለት እጨምራለሁ። ሦስተኛው ደብተሬ እነርሱን ነው የያዘው። ጃፓን መሄድ የማትችሉ እኅቶቼ ሆይ፣ ከቤታችሁ ካለው ሞሰብ ጀምሩ፤ ሳሺኮውን ከዚያ በኋላ ብትማሩት ይሻላችኋል፣ እኔ ተገላቢጦሹን ሄጄ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዘንድሮ እናቴ የራሷን ጋቢ አመጣችልኝ። ትከሻው ላይ ሳስቷል። «እንግዲህ ያን ድሪቶሽን ሞክሪበት» አለችኝ፣ ወደ ሌላ እያየች። ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አወጣሁና ደርቤ፣ ጎዶሎ እየቆጠርኩ መጥቀም ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ እርሷ ቤት ትቼው ሄድኩ። ባለፈው ቅዳሜ ስመለስ መነጽሯን አድርጋ አንዱን መሥመሬን ስትፈታ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሰባት የሚገባው ላይ አምስት ቆጥረሻል» አለችኝ ቀና ሳትል።